አባቴ በምሽጉ በር

ፎቶግራፉ ላይ አራት ሰዎች አሉ። አባቴ መሀል፣ ከድንጋዩ በር ፊት ቆሟል። በቀኙ የጉብኝቱ አስተባባሪ ጋሼ ሙላት ናቸው። በግራው የሥራ ባልደረባዬ አስቴር ሳቋን በእጇ ሸፍናለች። እኔ ዳር ነኝ፤ ፊቴን ስላዞርኩ የሚታየው ትከሻዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ፎቶ ጎሬ፣ እዚያው አሮጌ ምሽግ ውስጥ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሎ አገኘሁት። ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀው የወንድሜ ልጅ ቶሌራ ነው። ፎቶውን ያገኘው ከጋሼ ሙላት ልጆች ነው። ከመቱ በሚኒባስ ይዞኝ ሲመጣ፣ "አዳዳ፣ የምታዪው ነገር አለ" ብቻ ብሎኝ ነበር። የአባቱ እህት ስለሆንኩ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

ፎቶው የተነሳው ክልሉ በተቋቋመ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ ወጣት ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ምሽጉን እንድንጎበኝ መኪና ሰጠን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ዳገቱ ጉም። አባቴ በዋዜማው ከሁሩሙ መጥቶ እኔ ዘንድ አደረ። በልጅነቱ ከአያቴ ጋር ለምሽጉ ጌቶች የግብር ማር ተሸክሞ እዚያ በር ድረስ ይሄድ ነበር። ማሩ ይገባል፤ እነሱ ዝናብ ላይ ይቆማሉ። አንድም ቀን አላስገቧቸውም።

"ማራችን የገባበትን ቤት ዛሬ ቀጥ ብዬ ገብቼ አየዋለሁ" አለኝ ጠዋት፣ ጨጨብሳውን እየበላ። የታጠበ ጋቢውን ለብሶ ነበር።

በሩ ፊት ስንደርስ ግን እጆቹ ሳያዛቸው ጋቢውን ከትከሻው አውርደው ወገቡ ላይ አሰሩት። ጌታ ፊት እንደሚቆም ገባር አደገደገ። ውስጥ ጌታ ቀርቶ ዘበኛም አልነበረም።

አስቴር ሳቀች። "አባባ፣ ለማን ነው? ጌቶቹ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው!"

"እንዳይፈቱት!" አሉ ጋሼ ሙላት፣ ካሜራቸውን ለሹፌሩ እያቀበሉ። "ትንሽ ጎንበስ ይበሉልኝ አባባ፤ ታሪክ እኮ ነው።"

አባቴ ታዘዘ።

"ጋሼ ሙላት፣ ይተዉት" አልኩ።

"ምን አለበት የኔ እህት? እሳቸው አልተቆጡ!"

ካሜራው ቀጭ ሲል አባቴ ወገቡን አየ። ጋቢውን ፈታና "እናንተ ግቡ" ብሎ ወደ መኪናው ወረደ። ተከተልኩት። ለመንገድ የገዛሁለት የተጠበሰ በቆሎ ጭኑ ላይ ቀዘቀዘ። እስኪሞት ድረስ የጎሬን ስም አላነሳም።

አስቴርም ጋሼ ሙላትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን ማወቄ ቁጣዬን አልቀነሰውም። አሁን ከፎቶው ሥር "የአባቶቻችን አክብሮት" ተብሎ ተጽፎበታል። አክብሮት አይደለም፤ እነዚያን እጆች ዱላ ነው ያስተማራቸው።

"አውርደው" አልኩት ቶሌራን።

"አዳዳ፣ ሰው እኮ ወዶታል! ደግሞስ፣ አያቴ በመጨረሻ ገባ አይደል?"

"ገባ፤ ጎንብሶ" አልኩት። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ ወጣሁ።