መዘውር አዟሪዋ ከሄደች በኋላ

እሽክርክሪት ለመሥራት ሁለት ሰው ያስፈልጋል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ የልጅ መጫወቻ ነው። ከጡጫ የማይበልጥ እንጨት፣ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ሾጠጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ምስማር የተተከለበት። ሲባጎ ይጠመጠምበታል፣ ይወረወራል፣ ይሽከረከራል፤ አለቀ። በዚያ ቤት ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም እሽክርክሪት በአንድ ሰው ብቻ ተሠርቶ አያውቅም ነበር።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ በልብስ ሰፊውና በቁልፍ ሠሪው መካከል የተሸጎጠ ባለ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል መሥሪያ፣ የኋለኛው መኖሪያ። መሥሪያው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የእንጨት መቅረጫው ቶርኖ ተተክሏል። ከቶርኖው ኋላ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የሰው ደረት የሚደርስ ትልቅ የእንጨት መዘውር ቆሟል። መዘውሩ በእጀታው ሲዞር የቆዳ ጠፍሩ ቶርኖውን ይነዳዋል፣ እንጨቱ ይሽከረከራል፣ ከፊቱ የቆመው ሰው በመሮ ይቀርጸዋል። መሮውን የሚይዘው ወንድምየው ነበር። መዘውሩን የምታዞረው እህትየው።

እህትየው በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። «እታለም» ነው የሚላት። መዘውሩን የጀመረችው ለአባታቸው ነው፤ ያኔ ገና ልጃገረድ ነበረች። አባትየው ሲሞት መሮው ለማን ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም። ወንድ ልጅ እያለ ምን ይጠየቃል። እሷም አልጠየቀችም። እንጨቱን ግን ከሱ አብልጣ የምታውቀው እሷ ነበረች። እንጨቱ ውስጥ የተደበቀ ቋጠሮ ካለ መሮው ሳይደርስበት እጀታው ይከብዳታል፤ ምንም ሳትናገር ፍጥነቱን ቀነስ ታደርግለታለች። እሱም እጄ ለስላሳ ነው ብሎ ሲመካ ኖረ።

ሥራ ላይ በሦስት ቃል ነበር የሚግባቡት። «ግፊ» ካላት ታፈጥናለች። «ቀስ» ካላት ትቀንሳለች። «ያዢ» ካላት መዘውሩን ቀጥ ታደርገዋለች፤ እሱም ወዲያው ግራ እጁን ሰዶ የእሽክርክሪቱን ሆድ በሁለት ጣቱ ይዳስሳል። ዓይን ይታለላል፣ ጣት አይታለልም ይል ነበር አባታቸው። ከዚያ የተጠናቀቀውን የተገለበጠ ትሪ ላይ ያሾረዋል። የሚዞር እስከማይመስል ድረስ ቀጥ ሲል «ቆመ» ይላል። እሷ ከኋላው ሆና፣ «አልቆመም፤ ወገቡን አሞታል» ትለዋለች። መልሶ ይፍቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቷን ነበር።

ሁለቱም አላገቡም። ለምን እንደሆነ ጎረቤቱ ብዙ ብሏል፤ እነሱ ግን ሲጠየቁ «ጠፍሩ አልለቀቀንም» ብለው ይስቁ ነበር።

እሷ ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሞተር አመጣ። ደስ ይላታል ብሎ በድብቅ ነበር ያዘዘው። የሰው ትከሻ እስከ መቼ ነው እንጨት የሚያዞረው። እታለም ሞተሩን አንዴ ዞራ አየችው።

«ይሄ ነገር ሻይ ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ታዲያ ከኔ ይሻላላ።»

እሱ ሳቀ። ጠፍሩ ከመዘውሩ ላይ ወርዶ ሞተሩ ላይ ተሰካ፤ መዘውሩ እዚያው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእታለም ሥራ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ መጫን ሆነ። «ያዢ» ሲላት ጠቅ። እንደገና ጠቅ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። የሟች መካከለኛ እህታቸው ልጅ ናት፤ በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው የምትኖረው። መንታ ሴቶች ልጆች አሏት፤ ሞግዚቷ ድንገት ጥላት ሄዳለች። «አክስቴ፣ ለሁለት ወር ብቻ» አለች። እታለም በማግስቱ ጠዋት አንድ ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ጫማዋን ስታስር፣ «መቼም እዚህ የሚያቆየኝ ሥራ የለም። አምፖል ማጥፋት ሥራ ነው እንዴ?» አለችው። እሱ መስኮቱ ጋ እንደቆመ ነበር የሰማት። ያቺ ንግግር ደረቱ ላይ እንደ ስንጥር ተሰክታ ቀረች። አስቀየምኳት አለ በልቡ። ዕድሜ ልኳን የሠራችውን ሥራ ለብረት ሰጠሁባት።

በሄደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሆነ ነገሩ። የወይራ እንጨት ይዞ ሆዱን እየጨረሰ ነበር። መሮውን አነሳና እንደ ወትሮው «ያዢ» አለ፤ እንደ ወትሮውም ግራ እጁን ሰደደ። ሞተሩ ምን ገዶት።

ጩኸቱን ሰምቶ የሮጠው ልብስ ሰፊው ነው። እጁን በራሱ ጨርቅ ጠቅልሎ ክሊኒክ ወሰደው። ሁለት ጣቱ ተሰብሮ ነበር፤ የአንደኛው ጥፍር ጨርሶ የለም። ተራ ሲጠብቁ ልብስ ሰፊው ዝም ማለት አልቻለም፤ መቼም ዝም ማለት አልፈጠረበትም።

«እኔ እኮ 'ያዢ' ስትል በግድግዳው ሰምቼ እህትህ የተመለሰች መሰለኝ። ሰላም ልላት ስነሳ ነው የጮህከው።»

«ለሞተሩ ነው ያልኩት።»

«ሞተሩን አንቺ ነው የምትለው?»

ባለ ቶርኖው የተጠቀለለ እጁን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ቢያንስ አንተ በለው። ማን ያውቃል፣ ወንድ ሆኖ ተቀይሞህ ቢሆንስ።»

ሕመሙን እንደያዘ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ሲስቅ ሲያየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በል አሁን ለእታለም ደውልላት።»

«ምን ብዬ?»

«ጣቴ ተሰበረ ብለህ ነዋ።»

«ትመጣለች።»

«እኮ፣ እንድትመጣ።»

«ለጣቴ ብላ እንድትመጣ አልፈልግም» አለ። ልብስ ሰፊውን ለእህቱ እንዳይነግርበት አስማለው።

ሁለቱ ወር አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ። እታለም በየእሑዱ ትደውላለች።

«በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ሾርባ።»

ሾርባ የሚባል ነገር እቤት ውስጥ አልነበረም። ዳቦና ሻይ ነው፣ ሲያሻው እንቁላል። መቼ ትመጫለሽ ብሎ ለመጠየቅ ስልኩ ከጠራበት ጊዜ ጀምሮ ይዘጋጃል፤ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ይሉኝታ ይይዘዋል። አስቀይሞ ያባረራትን ሰው በምን አፉ ነይ ይላታል?

ጣቱ ድኖ ሥራ ሲጀምር የከበደው ሌላ ነገር ሆነ፤ ጀርባው ይበርደው ጀመር። በጋ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ጀርባው ግን ይበርደዋል። ቁም ሣጥን ጎትቶ ከኋላው አስጠጋ፤ ለውጥ የለም። ሬዲዮ ከፈተ፤ ሬዲዮው ስለ ሌላ አገር ዝናብ ያወራል። አንድ ቀን ካፖርቱን መዘውሩ እጀታ ላይ ሰቀለውና ሥራውን ቀጠለ። ዞር ሲል ሰው የቆመ መሰለው። ካፖርት መሆኑን ሲያይ ደግሞ ባሰበት። አንስቶ በሌላኛው ክፍል ምስማር ላይ ሰቀለው።

አንድ እሽክርክሪት ሲጨርስ ትሪው ላይ ያሾረዋል። «ቆመ» ይላል። ወገቡን አሞታል የሚለው ሰው ስለሌለ መቆሙን እርግጠኛ መሆን አይችልም። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ አራት ጊዜ እየፋቀ ኮስምኖ ይቀርበታል።

በሰባተኛው ወር ቆረጠ። ሄጄ በዓይኗ እያየሁ እነግራታለሁ አለ። የሚላትን ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ አጠናው፤ «ሞተሩን እነቅላለሁ፣ ጠፍሩን መዘውሩ ላይ እመልሳለሁ፣ አንቺም ወደ ቤትሽ ተመለሺ።» ባዶ እጅ አይኬድምና ለመንታዎቹ ሁለት እሽክርክሪት ሠራ። ግራ እጁ እንደ ድሮው ስላልታጠፈለት ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በአሥረኛው ቀን በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ አራቱን ሰዓት ሙሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲያላምጥ ሄደ።

ፎቁ ሦስተኛ ደርብ ነው። በሩን የከፈቱለት አራት ዓመት የሞላቸው ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዷ አንድ ጫማ አድርጋለች፣ አንደኛው ጫማ በሌላዋ እግር ላይ ነው።

«እማማ፣ ሽማግሌ መጣ» አሉ ሁለቱም ወደ ውስጥ ዞረው።

እታለም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች። ወፈር ብላለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ስታየው ጭንቅላቱን ይዛ ግራና ቀኝ ሳመችው።

«ከስተሃል። ያ ሁሉ ሾርባ የት ገባ?»

የመንታዎቹ እናት ሥራ ላይ ነበረች። አራቱም ምሳ በሉ። ግራ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። እታለም ሳህኑን ስታነሳ ቆም አለች።

«ምነው ኪስህን አጥብቀህ ያዝክ? ሌባ ያለ መሰለህ?»

አወጣው። ጣቶቹን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየች፤ ጥፍር የሌለውን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

«መቼ ነው?»

«ቆይቷል።»

«መቼ ነው ያልኩህ።»

«በአሥራ አንደኛው ቀን።»

ከምን ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ እንደሚቆጠር አልጠየቀችውም። «ያዢ ብለህ ነው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እጁን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ፣ እንደሚሰበር ዕቃ አስቀመጠችለት።

ከምሳ በኋላ እሽክርክሪቶቹን አወጣ። እታለም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሲባጎውን አጠማጠም አሳየቻቸው። የመጀመሪያው ውርወራ አልጋ ሥር ገባ። ሁለተኛው የወንበር እግር መታ። በሦስተኛው እሽክርክሪቱ ንጣፉ ላይ ቀጥ አለ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሱ ደግሞ እንደ ፈተና ተማሪ የእህቱን ፊት ጠበቀ።

«ቆመ» አለች።

ልጆቹ ግን እሽክርክሪቱን ትተው እሷን ነበር የሚያዩት። ስትስቅ ሳቁ። አንዷ የእታለምን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ወደ ራሷ አዞረች።

ልጆቹ ሲተኙ ሁለቱ ኩሽና ውስጥ ቀሩ። ያጠናው ነገር ከመጀመሪያው ወጣለት።

«ሞተሩን እነቅለዋለሁ።»

«ለምን?»

«ቅር ብሎሻላ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«አምፖል ማጥፋት ሥራ ነው እንዴ ብለሽ እኮ ነው የሄድሽው።»

እታለም ልጆቹ እንዳይነሱ አፏን በሽርጧ ይዛ ሳቀች። ዓይኗን ጠረገች። «አንተ ልጅ፣ ሞተሩን ያመጣህ ዕለት በሆዴ እልል ነው ያልኩት። ያንን ያልኩህ እየሳቅሁ ነው።»

«አልሳቅሽም።»

«ጀርባህን ሰጥተኸኝ ቆመህ በምን አየኸኝ?»

 ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህን የመሰለ ነገር ስለ ራሱ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርባህን አየሁ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ የገበያ ወሬ የምታወራ ነው የሚመስለው። «የሸሚዞችህን ስፌት አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። የጀመርክ ሰሞን ትከሻህ ቀጥ ያለ ነበር፤ መቼ እንደጎበጠ ወሩን ልነግርህ እችላለሁ። ክፉ ጀርባ አይደለም፣ አልከፋኝም። እዚህ ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሁለት ፊት አፍንጫዬ ላይ ተደፍተው ነው የማገኛቸው።»

«እኔ አብረን ያለን ነበር የሚመስለኝ» አለ።

«ነበርና። አንተ ከኔ ጋር፣ እኔ ከጀርባህ ጋር።»

ውሃ ቀዳችለት። ብርጭቆውን ስትሰጠው እጁን አልለቀቀችም። «ልትለምነኝ ነው የመጣኸው፣ አይደል?»

ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተከለ።

«ከለመንከኝ እመጣለሁ። ታውቀኛለህ፤ ላንተ እምቢ ማለት አልችልበትም። እና እባክህ አትለምነኝ።»

አራት ሰዓት ሙሉ ሲያላምጠው የመጣው ቃል ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። «ተመለሺ» ማለት ብቻ ነው የቀረው። እንደምትመጣም ያውቃል፤ ነገ ጠዋት ያቺኑ ሻንጣ ይዛ ከኋላው ትቆማለች፣ ጀርባውም መብረዱን ይተዋል። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ።

«ልጆቹ ምስማሩን አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት» አለ።

«እጠብቃቸዋለሁ» አለች።

እደር ብትለው ነገ የማደርሰው ሥራ አለኝ አላት። የነገ ሥራ አልነበረውም፤ እሷም ያንን ሳታውቅ አልቀረችም። ጎረቤቷን ልጆቹን ለግማሽ ሰዓት እንድታይላት ጠይቃ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘችው። ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት። ከእርምጃዋ ትንሽ ቀደም ሲልባት እየቆመ ጠበቃት።

«ማጥፊያውን ከግድግዳው አንሳና እግርህ ሥር አስገጥመው» አለችው። «የሚረገጥ አለ። ቁልፍ ሠሪው ያውቅበታል።»

«እሺ።»

«እሺ ብለህ እንዳትተወው።»

«አልተወውም።»

«እሑድ ስደውል ደግሞ የበላኸውን ንገረኝ። እውነቱን። ዳቦ ከሆነ ዳቦ በል።»

አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ጊዜ ሳመችውና ኮሌታውን አስተካከለችለት። ተሳፍሮ መስኮት ጥግ ተቀመጠ፤ በመስታወቱ ላይ የነበረውን ትንፋሽ በእጅጌው ጠርጎ እጁን አነሳ። እሷ ግን መንገዱን ተሻግራ ነበር። ልጆቹ ከእንቅልፍ የሚነሱበት ሰዓት ደርሷል፤ በፍጥነት፣ ለመሮጥ ጥቂት በቀረው እርምጃ ነበር የምትሄደው። አውቶቡሱ ሳይነሳ እሷ ከጥጉ ታጠፈች።