እትዬ ክዳንና የክሊኒኩ ጓሮ

የባለቤቴ ታላቅ እህት በሚሠሩበት ክሊኒክ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሐኪሙ እስከ በር ጠባቂው ሁሉም «እትዬ ክዳን» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም «አቤት» ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የክሊኒኩን ወለል ሲወለውሉ አንድም ባዶ ፕላስቲክ አምልጧቸው አያውቅም። ዕቃው ተሰንጥቆ ቢያገኙት እንኳ ክዳኑን ፈትተው ከሽርጣቸው ኪስ ይከቱታል። ከመምጣታቸው በፊት የኪሳቸው ኳኳታ ይሰማል።

ቤታቸው ገብቶ ዕቃ ገዝተው የሚያውቁ መሆናቸውን የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም። የበረኪና ዕቃው መያዣው ሳይነካ ሰያፍ ተቆርጦ አፈር መዛቂያ ሆኗል። የአምስት ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ዙሪያውን በጋለ ምስማር ተበሳስቶ ሽንኩርት ይቀመጥበታል። የሻምፖ ዕቃ ጎኑ ተቆርጦ ሶኬቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስልካቸው ቻርጅ ሲደረግ እዚያ ውስጥ ይተኛል። የስኳሩ ፌስታል አፉ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አንገት ውስጥ አልፎ ክዳን ተጠምዝዞበታል፤ ጉንዳን ዞሮ ዞሮ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ሕግም አላቸው፤ «በረኪና የነበረበት ለአፈር እንጂ ለአፍ አይሆንም» ይላሉ።

አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም፤ ዕቃው ላይ ምን እንዳለበት አይጽፉም።

«ይጻፍበት እንጂ፣ እትዬ» ብላቸው፣

«ሙያ በልብ ነው» አሉኝ።

ከክሊኒኩ ጀርባ የጡብ ስብርባሪና ያረጀ አልጋ የሚጣልበት ጥግ ነበር። እትዬ ከሥራ ሰዓት ውጪ ለወራት ጠርገው፣ ለቅመው፣ አፈሩን ገልብጠው አትክልት ቦታ አደረጉት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ሲሚንቶ አስፈስሶ መኪና ሊያቆምበት አስቦ ኖሯል። ደረጃው ላይ ቆመው ሲከራከሩ ቆዩና በመጨረሻ፣

«የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ግንበኛውን ይዤ እመጣለሁ» አላቸው። «ሠላሳ ችግኝ ቆሞ ካየሁ ቦታው የእርስዎ ነው። ካላየሁ ሲሚንቶ ነው።»

እትዬ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። የሠላሳውን ችግኝ ነገር ለምን እንዲህ አጥብቀው እንደያዙት ስጠይቃቸው፣ «ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዚያ በር የምገባው ታምሜ ብቻ ሊሆን ነው» አሉኝ። «ሳልታመምም የምመጣበት ምክንያት ይኑረኝ እንጂ!»

ሠላሳ ስድስት ችግኝ ተከሉ፤ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ጎመን። ከእያንዳንዱ ሥር ቂጡ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ በአፉ ተደፍቶ ተቀበረ። ውሃው ከላይ ይሞላል፣ ከታች በተበሳው ክዳን እየተንጠባጠበ ሥሩን ያጠጣል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጠዋት የሞላ እስከ ማታ ያደርሳል።

በዚህ መሐል ልጃቸው በሌላ ከተማ ወለደችና አራስ ሊጠይቁ ተነሡ። አርብ ሄደው ረቡዕ፣ በቀጠሮው ሐሙስ ዋዜማ፣ ሊመለሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት ፕላስቲኮቹን ውሃ ሙላልኝ» አሉኝ። «ሌላ ምንም አትንካ።»

ባለቤቴ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ሥራ የሚሰጠኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራው በግማሽ ሰዓት አለቀ። በሁለተኛው ቀን አንዱን ፕላስቲክ ላስተካክል ብዬ ብነቅለው ሰማያዊ ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ቀይ ክዳን አድርጓል። ሌላውን ነቀልኩ፤ ቀይ ወረቀት፣ ነጭ ክዳን። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልገጠመ ነገር ሳይ ዐይኔን ይቆረቁረኛል። «ምስኪን እትዬ፣ ዐይናቸው ደክሟል» አልኩ ለራሴ። ሁሉንም ነቅዬ አጠብኩ፤ እያንዳንዱን ክዳን ከየወገኑ አገናኝቼ መልሼ ተከልኩ። ረፋዱ ሁሉ ሄደበት። ራቅ ብዬ ሳየው ኮራሁ፤ እንዲህ የሚያምር አትክልት ቦታ አላየሁም።

ማክሰኞ ጎመኖቹ መሬት ተኙ። ፀሐዩ ነው ብዬ አሰብኩ። ቃሪያዎቹ ደግሞ ቢጫ ሆኑ። እሱን ምን እንደምለው አላወቅኩም።

ረቡዕ እኩለ ቀን እትዬ ሻንጣቸውን እንደያዙ ቀጥታ ወደ ጓሮው መጡ። ቆመው አዩ። አንዱን ፕላስቲክ ነቀሉና ገለበጡት።

«ክዳኖቼን ማን ነው የነካው?»

ነገርኳቸው። ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ለካ ቀዩ ክዳን ባለ አንድ ቀዳዳ ነው፣ ለቃሪያ፤ ነጩ ባለ ሁለት፣ ለቲማቲም፤ ሰማያዊው ባለ አራት፣ ውሃ ለማይጠግበው ጎመን። እኔ የዕቃውን መልክ ሳስተካክል ቃሪያውን አስጥሜ ጎመኑን አስጠምቼዋለሁ።

«የእኔ ጌታ» አሉ በመጨረሻ፣ «እጅህ ሥራ ሲፈታ ለምን ኪስህ አትከተውም?»

«ይጻፍበት ብዬ ነበር…»

«ዝም በል!» አሉና ሳቅ ቀደማቸው። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

የክሊኒኩ ሾፌር በመስኮት ብቅ አለ። «እትዬ ክዳን፣ መኪናዬን ዛሬውኑ ላስገባት?»

«ያቺን ተገፍታ የምትነሣዋን? መጀመሪያ አንተ አስነሣትና!»

ከዚያ ሳቁ አበቃ። ሐኪም ሲያግዙ የኖሩ ይመስል በሽተኞቹን ችግኞች እየዞሩ ነካኩ። ጎመኑ ክዳኑ ከተመለሰለትና ጥላ ካገኘ ይነሣል። ቃሪያው ግን ከዚህ ጭቃ ዛሬውኑ ካልወጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ቂጡ የተበሳ ዕቃና ደረቅ አፈር ይፈልጋል።

«ዕቃ ደግሞ አንድም የለኝም፤ ያለኝ ሁሉ መሬት ውስጥ ነው።»

ወደ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ ባለቤቴ ያስቀመጠቻቸው ዐሥራ አንድ የአይስክሬም ዕቃዎች አሉ። ስምንት ወር አቧራቸውን ነበር የምጠርገው። አወረድኳቸው። በውስጣቸው የነበረውን የልብስ ቁልፍ፣ ክርና ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩና ባዶዎቹን በከረጢት ይዤ ተመለስኩ።

እትዬ ከረጢቱን ከፍተው አዩ። የእህታቸውን ዕቃ ያውቁታል። አንዱን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ቂጡን ጫን ጫን አደረጉና ሰጡኝ።

«ይኼኛው ወፍራም ነው» አሉ። «ቀስ ብለህ ብሳው።»

እስኪመሽ ሠራን። ቃሪያዎቹን ከነአፈራቸው እያነሣን በዕቃዎቹ ተከልናቸው፤ ለጎመኖቹ በካርቶን ጥላ አቆምን፤ ክዳኖቹን እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ መለሱ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ግንበኛውንና ሾፌሩን አስከትሎ መጣ። ዞሮ ቆጠረ።

«ሃያ ስምንት ነው፣ እትዬ። ሁለት ይጎድላል።»

«እኔ ሠላሳ ስድስት ነው ያቆምኩት» አሉ እትዬ። «ስምንቱን የገደለው ይኸውና፣ አጠገብዎ ቆሟል።»

«እውነት ነው» አልኩ። ጉዳዩን ከነክዳኑ ተናዘዝኩ። ግንበኛው ሲያዳምጥ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። ከአንዱ ጎመን አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ካርቶኑን አነሣ። ቅጠሉ ቆሟል። አፈሩን በጣቱ ነካው፤ እርጥብ ነው።

«እርስዎ ቅዳሜና እሁድ አይገቡም» አለ። «ያኔ ማን ያጠጣዋል?»

እትዬ አገጫቸውን ወደኔ ቀሰሩ። «ጥፋተኛው ነዋ። ቅጣቱ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አየኝ። «ይችላሉ?»

«መሙላት ብቻ ከሆነ እችላለሁ።»

«እንግዲያው ሲሚንቶው በፊት በር በኩል ይፍሰስ» አለው ለግንበኛው።

«መኪናዬስ?» አለ ሾፌሩ።

«አንድ ቃሪያ ስትበላ ትረሳታለህ» አሉት እትዬ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንባቸው የመጣው ያኔ ነው፤ በሽርጣቸው ጠረጉትና መወልወያቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው ገቡ።

ቅዳሜ በማለዳ ሄድኩ። በር ጠባቂው ከፈተልኝ። ፕላስቲኮቹን ሁሉ ሞላሁ፤ አንዱንም አልነቀልኩም። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ለማየት ጡብ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቤት ስደርስ ቀትር ሆኗል።