እታየ ለምን ወጡ?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለመጠመቅ የሚማሩ ጥቂት ሰዎችን አስተምራለሁ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ያልተጠመቁ እንዲወጡ ሲያውጅ፣ ድምፁ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ቡሬ ገጠር ይመልሰኛል።

እኛ በሕፃንነታችን የተጠመቅን ስለሆንን አዋጁን ሰምቶ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አንድ እሑድ ግን ለበርበሬ ለቀማ የመጣች፣ ገና የጥምቀት ትምህርት የጀመረች ሴት ብቻዋን ተነሣች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ እታየ የምላቸው አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት። እኔም ተከተልኋቸው። ብርዱ ላይ፣ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ።

«እታየ፣ እርስዎ ተጠምቀው የለ? ምን ያስወጣዎታል?» አልኋቸው።

«ዝም በይ ልጄ። እንግዳ ብቻውን ከወጣ መመለሻው ይጠፋዋል።»

ያኔ አልገባኝም። ሴትዮዋ ግን በየሳምንቱ ተመለሰች፤ ስትጠመቅም የክርስትና እናቷ እታየ ሆኑ። ነፍሳቸውን ይማርልኝ፤ ማስተማርን የተማርሁት ከዚያ ወይራ ሥር ነው።

ዛሬም አዋጁ ሲሰማ ተማሪዎቼ ተነሡ። ከሽንዲ የመጣችው አዲሷ ልጅ ዞር ብላ አብሬያቸው ስነሣ አየችኝና ደነገጠች።

«እርስዎም ይወጣሉ እንዴ?»

«ነይ፣ ጫማሽን አድርጊ» አልኋት፤ ነጠላዬን እያጣፋሁ።