እህቴን ያዳንኩበት ቀዶ ጥገና

እህቴ ጡቷ ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ስታሳየኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማነው የነከሰሽ?» የሚል ነበር።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ትቀበላለች፤ እኔ እዚያው ከተማችን ፒያሳ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የምንኖረው በአንድ ቤት ነው። እናታችን ስትሞት እሷ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ያሳደገ ሰው ደግሞ የመጠርጠር መብት ያለው ይመስለዋል። ነገሩ ወንድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሸሚዟን እንደከፈተች መስኮቱ አጠገብ ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እትዬ፣ ማንም አልነካኝም። እብጠት ነው። ንኪውማ።»

ነካሁት። በበለዘው ቆዳ ሥር ባቄላ የምታህል ለስላሳ ነገር አለች። ስጫናት ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ስለቃት ትመለሳለች። እጄን አነሳሁና ወደ ጓዳ ገብቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እናታችንን የገደላት የጡት ካንሰር ነው።

እናታችንን መጀመሪያ ትንሽ ቆረጧት፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ተመልሰው ቆረጧት፣ ከዚያ ቀበርናት። ለቀስተኛው ሁሉ አንድ ቃል ነበር የሚለው፦ «ብረት ባይነካው ኖሮ ትኖር ነበር።» ሐኪሞች በእንዲህ ያለው ነገር ይስቃሉ። እኔ ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አርባ ጊዜ የሰሙት ነገር ደግሞ ከአጥንት ውስጥ አይወጣም። ብረት የግድ የሚነካው ከሆነ አንዴ ነክቶ ሙልጭ ማድረግ አለበት ብዬ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ሐኪም ሳልሆን።

ሆስፒታል ወሰድኳት። አልትራሳውንድ አነሷት፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ከዚያች ከባቄላ ከማትበልጥ ነገር የወጣው ደም ግን የጉድ ነው። ሐኪሙ ደሙ እስኪቆም በጥጥ ተጭኖ ብዙ ቆየ፤ እሷ ጣሪያውን እያየች ስለ ሆቴላቸው እንግዶች ታወራለታለች። ስትፈራ ታወራለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። «ዝም በይ፣ ሰውየው ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

ውጤቱ የደረሰ ቀን እሷ የጠዋት ተረኛ ነበረች። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው።

«እሷስ?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ናት። ታላቅ እህቷ ነኝ፤ እናቷም እኔው ነኝ።»

ጥቂት አመነታና ነገረኝ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለባለቤቱ አይነገርም። ዘመድ ይቀበለዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ይበቃታል ያለውን ያህል ቆርሶ ይሰጣታል። ሐኪሙም የዚሁ አገር ልጅ ነው።

«እብጠቱ ከደም ሥሮች የተሠራ ነው» አለኝ። «ጡት ላይ እንዲህ ያለው ብዙ አይገጥመንም። ትንሽ ነው፣ ዳርቻውም ጥርት ያለ ነው፤ በእኔ ግምት ጉዳት የሌለው ዓይነት ነው። ግን ይኼንን የሚመስል ክፉ ዓይነትም አለ። በመርፌ ከወጣች ቁራጭ ብቻ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ እብጠቷን ብቻ ከጥቂት ዙሪያዋ ጋር እናወጣለን፤ አዲስ አበባ ሌላ ባለሙያም ያየዋል። ጉዳት የሌለው ከሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል።»

«ክፉ ከሆነስ?»

«ያኔ ተመልሰን እንገባለን።»

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የሰማሁት «ተመልሰን» የምትለዋን ብቻ ነው። «ብል የገባበትን ጨርቅ ቀዳዳውን ብቻ ቆርጬ አላውቅም፤ ጠቅላላውን ነው የማወጣው» አልኩት። ሰውየው ፈገግ አለ። «ብል መሆኑን መጀመሪያ እንወቅ» አለኝ። ከዚያ ኮስተር ብሎ «ነገ ትምጣ፣ ለራሷ እኔ እነግራታለሁ» አለ። እሺ አልኩ። አላመጣኋትም።

እቤት ስገባ እህቴ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ምን አለ?»

«ምንም አይደለም። ትወጣለች፣ አለቀ።»

ወገቤን አቅፋ ዘለለች። ደስታዋ አናደደኝ። የተሸከምኩላትን ሳታውቅ እንዴት ትዘላለች አልኩ በልቤ። እንድትሸከም ያልሰጠኋት እኔ መሆኔ ትዝ አላለኝም።

በሳምንቱ፣ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ቀዶ ሐኪም ጠና ያሉ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ሰው ናቸው። የመርፌውን ውጤት አሳየኋቸው፣ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው፣ ጡቷ በሙሉ ይውጣልኝ አልኳቸው። እሳቸውም ይበዛል አሉ። አለቀስኩ። እንባዬ ስፈልገው ይመጣል፤ ከደንበኛ ጋር የኖረ ሰው ይህን ይችልበታል። «ዶክተር፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አልኳቸው።

«ልጅቷ ምን ትላለች?»

«በሙሉ ይውጣልኝ ብላለች።»

የቀዶ ጥገናው ጠዋት የስምምነቱን ወረቀት ይዤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ በበሩ ብቅ ብለው «ተነጋግራችኋል አይደል?» አሉ። እህቴ እኔን አየችና «አዎ» አለች። ጣቴን መፈረሚያው ላይ አስቀመጥኩላት። ፈረመች። አላነበበችውም፤ የያዝኩላት እኔ ስለሆንኩ አላነበበችውም። በእሷ ስም ሥር እኔም ፈረምኩ፤ የእኔ ፊርማ ከእሷ ያምራል።

ስትነቃ ከሰዓት ሆኗል። እጇ መጀመሪያ የሄደው ወደ ደረቷ ነው። ፋሻውን ዳሰሰች፣ እንደገና ዳሰሰች፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ዝቅ አድርጋ ፈለገች።

«ተርፈሻል» አልኳት።

«ከምን?»

ካንሰር ነበረ አልኳት። ሊሆን ይችላል አላልኩም፣ ሐኪሙ ጉዳት የለውም ብሎ ገምቷል አላልኩም። ነበረ። ለሁለት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በሦስተኛው ቀን እጄን ያዘችና ሳመችው። «ለብቻሽ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ። እኔም ቻልኩት አልኳት።

የተቆረጠው ጡቷ በሙሉ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነበር። አሁንም ብቻዬን ሄድኩ። ቀዶ ሐኪሙ እየሳቁ ተቀበሉኝ። ክፉ ነገር የለውም፤ ጉዳት የሌለው የደም ሥር እብጠት ነው፣ ሌላ ሕክምና አያስፈልጋትም፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ የደስታ መሰላቸውና ውሃ አስመጡልኝ።

ወደ ቤት የሄድኩት ልነግራት ነው፤ ይህን ማንም ይመን አይመን እምላለሁ። እሷ ግን በአንድ እጇ ምሳ ሠርታ ጠበቀችኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «እትዬ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልመሰክር ነው። ለፓስተሩ ነግሬዋለሁ» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንዲህ ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ነው። የውጤቱን ወረቀት ሱቅ ወስጄ በጨርቅ ናሙናዎቹ መካከል ከተትኩት።

እሁድ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማይክ ይዛ፣ ባዶውን ጎን በነጠላ ሸፍና፣ «እህቴ ቆርጣ ባትወስን ኖሮ ዛሬ ከመሬት በታች ነበርኩ» አለች። ሴቶቹ አለቀሱ። አንዲት አሮጊት ከኋላዬ ትከሻዬን እየደበደቡ «አንቺ እኮ እናት ነሽ፣ እናት!» አሉኝ። መመስገን ይጣፍጣል። ሰው ሌላ ሌላውን ይናገራል እንጂ የእኔ እውነት ይህች ናት፦ ጣፈጠኝ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሞትን ስትጠብቅ ኖረች። ራሷን ባመማት ቁጥር ደርሷል ትላለች። ገላዋን ስትታጠብ የቀረውን ጡቷን እየደባበሰች ሰዓት ትፈጃለች፤ በር አንኳኩቼ «ውሃው አለቀ!» እላታለሁ። «ለምንድነው ክትትል የሌለኝ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ጌታ ፈውሶሽ የለ? እምነት የለሽም እንዴ?» አልኳት። አፍራ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። በዚህች ዓለም ላይ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ የከፋው የትኛው ነው ብባል ይህችን እጠራለሁ።

አንድ ሰው መጣ። ጨዋ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ስለ ጡቷም ነግራው እሺ ያለ። ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ እቤታችን ሳሎን አስቀምጣ መለሰችው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። «ልጅ ወልጄ ያለ እናት አላስቀርም። እኔና እህቴ አይተነዋል» አለችው። ሰውየው ለመናት። እኔ በእጄ ድስት ይዤ ቆሜአለሁ። ሦስት እርምጃ ነው፤ ወጥቼ «ካንሰር አልነበረባትም» ብል ያልቃል። ምላሴ አፌ ውስጥ ነበረች። ድስቱን አስቀመጥኩና ሰውየው እስኪወጣ ጠበቅኩ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው መሰለኝ ነገሩ የቆረጠላት። ሳትነግረኝ ወደ መጀመሪያው ሆስፒታል ሄደች። ያ ወጣት ሐኪም አልረሳትም፤ ነገ ትምጣ ብሎ የቀረችበት ሕመምተኛ ናት። ያኔ ያሰበውን ሁሉ ነገራት። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄዳ ሁለተኛውን ወረቀት በገዛ እጇ አስገለበጠች።

ሱቅ መጣች። ደንበኛ አልነበረም። ወረቀቱን የመለኪያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ ነው ያልኩሽ።»

«ከመመስከርሽ በፊት» አልኳት። «አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው። እናታችን…»

«እናታችንን ተያት» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ጡቴን ፈርተሽ ነው ያስቆረጥሽው፣ እሺ። ሦስቱን ዓመትስ ምን ፈርተሽ ነው?»

ሜትሬን አንስቼ መጠቅለል ጀመርኩ። ወረቀቷን አጥፋ ወጣች፤ ያን ቀን ልብሷን ሰብስባ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር መኖር ጀመረች።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አየኋት። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ተነሳች። ማይኩን ተቀበለችና «ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ የተናገርኩትን ላርም ነው የመጣሁት» አለች።

«ካንሰር የለብኝም።»

«ሃሌሉያ!» አለ ሕዝቡ።

«አልገባችሁም። ፊትም አልነበረብኝም።»

«ሃሌሉያ!» ከበፊቱ ባሰ። አንዱ ከኋላ እልል አለ። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ሐኪሞቹ ያኔውኑ ጽፈውታል። ምንም አልነበረም። ጡቴ ጤነኛ ነበር!» ያለቀሰች አይመስለኝም፤ ድምጿ ግን ተሰነጠቀ። ሰው ሁሉ ቆመ። ካንሰሩን ጌታ ከወረቀት ላይ ሳይቀር ፍቆላታል ብለው ነው የቆሙት። ፓስተሩ እያለቀሰ ማይኩን ከእጇ ወሰደና ጸሎት ጀመረ። አፏን ከፍታ ሕዝቡን ስታይ ቆየች።

ሲያልቅ ወደ እኔ ይጎርፉ ጀመር። ያሳደገቻት፣ የጸለየችላት እያሉ ይስሙኛል። አንድም ሰው ላስቆም፣ ቆይ ስሙኝ ልል አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። እህቴ ሰልፉ ውስጥ ገብታ ተራዋን ጠብቃ መጣች። እንደ ሌላው ሰው በትከሻዋ አልሳመችኝም። በግራ በኩል፣ ምንም በሌለበት በኩል፣ አጥብቃ ደረቴ ላይ ተለጠፈች፤ የጎድን አጥንቷ ተሰማኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ እትዬ» አለችኝ በጆሮዬ።

ሰው አጨበጨበልን።