ጠጋ ጠጋ ያሉት የሰመራ ሱቆች

አዋሽ፣ ጎህ ሲቀድ

ጨለማው ሳይገፈፍ አዋሽ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ወደ ጂቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች መንገድ ዳር ተደርድረው ሞተራቸውን ያሞቃሉ። ነፋሱ ለጊዜው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ግን ማን ያምነዋል። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ መስኮት ጋ ተደላድያለሁ። ጭኔ ላይ ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ አንድ የሰመራ ሰፈር አለ፣ ከነሱቁ፣ ከነመስጊዱ፣ ከነባጃጁ፣ ከነሻይ ቤቱ። ከእንጨት ቁራጭና ከወፍራም ወረቀት ቆራርጬ፣ በኮላ አጣብቄ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁት ሞዴል ነው።

ሥራዬ የሰፈር ዲዛይን ነው። ብቻዬን ግን አልሠራም። ነዋሪውንና ባለሱቁን ሰብስቤ፣ ሞዴሉን መሐል አስቀምጬ፣ እስቲ እንደሚመቻችሁ አንቀሳቅሱት እላቸዋለሁ። አምና እዚሁ አዋሽ፣ እኛ ሰፈር፣ የውኃ ቦኖው የት ይተከል ተብሎ ሰው ሲጨቃጨቅ ሴቶቹ የእንጨቷን ቦኖ በጣታቸው እየገፉ እየገፉ መስጊዱ ጥላ ሥር አሳረፏት። ዛሬ ብትሄዱ ቦኖዋ እዚያው ናት፤ ጀሪካኑም ጥላ ውስጥ ተሰልፏል። ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣል፤ አልደብቃችሁም።

የዛሬው ጉዞ ለእትዬ ሰዓዳ ነው። እትዬ ሰዓዳ ከወሎ የመጡ፣ ሰመራ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ሻይ ቤት ነው። አሁን በደጃቸው የሚያልፈው መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ የንድፍ ወረቀት ላይ መንገዱ በጣም ሰፊ ስለሆነ የእሳቸው ረድፍ በሙሉ ተነስቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦታ ይሰጠዋል። እዚያ ደግሞ የሚያልፈው ነፋስ ነው እንጂ ሻይ ጠጪ አይደለም። የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር፣ ሁመድ የሚባል ቀና የአፋር ልጅ፣ አለቆቹን ለምኖ አንድ ዕድል አግኝቷል። ነጋዴዎቹና ሹፌሮቹ እስከ ነገ ጠዋት በአንድ ንድፍ ከተስማሙ ሥዕሉ ይቀየራል። ካልተስማሙ ሥራው በወረቀቱ መሠረት ይጀመራል።

ሚኒባሱ ሞላ። ሹፌራችን መሐመድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አፉም እጁም ፈጣን። ዞር ብሎ አንድ ሰው ሊጨምር ነውና ጠጋ በይ እህቴ አለኝ። ለአንድ ሰው ቦታ ከፍዬ ለግማሽ አልቀመጥም አልኩት። ከኋላ ሰው አጉረመረመ። በስተመጨረሻ ካርቶኔን ከኋላው መስታወት ሥር እንዳስቀምጥ ተስማማሁ፤ እኔ ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም።

መልካ ወረር፣ ረፋድ

ከደረቁ ሜዳ በኋላ ድንገት አረንጓዴ! የመስኖው ቦይ፣ የጥጥ ማሳው፣ የምርምር ማዕከሉ ሠራተኞች ቤቶች ከነዛፎቻቸው። ሰው ሊያወርድ መሐመድ ከዋናው መንገድ ስለታጠፈ ደስ ብሎኛል። መንገድ ዳር የተከመረውን ሐብሐብ አይተን ሁላችንም ወረድን። ሻጯ በቢላ ጫፍ ቆርጣ አስቀመሰችን፤ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። አንዱን ሙሉ ገዛሁና ለመኪናው ሰው አካፈልኩ፤ በጠዋቱ ጭቅጭቅ የተኮሳተሩት ሁሉ ፊታቸው ተፈታ።

ፊታቸው ሲፈታልኝ እኔ አላስችል አለኝ፤ ካርቶኑን አውርጄ ከፈትኩት። ሰው ከበበኝ። ሱቆቹ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሳሙና ሣጥን ተገጣጥመው ቆመዋል፤ የእትዬ ሰዓዳን ሻይ ቤት አረንጓዴ ቀብቻታለሁ። መሐመድ ጎንበስ ብሎ አየና የእሱ መኪና የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀኝ። በክብሪት ሣጥን የሠራኋትን አሳየሁት። በጣቱ ነዳት፣ መጨረሻው ላይ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ አደረሳትና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይቺ እንዴት ነው የምትዞረው?»

ክብሪት ነች እኮ፣ በእጅህ አዙራታ አልኩት። ሳቀ፤ የሳቀው ግን ለእኔ አዝኖልኝ ይመስላል። ሰመራ ስንደርስ ስብሰባው ላይ እንዲገኝ ለመንኩት፤ ያለ ሹፌር ስለ መንገድ መነጋገር አይሆንም። ሻይ ካለ እመጣለሁ አለኝ።

አዳይቱ፣ ቀትር

ገዋኔን አልፈን አዳይቱ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ግመሎች አስፋልቱን በራሳቸው ሰዓት ይሻገራሉ፤ መሐመድ ጡሩንባ አይነፋም፣ ይጠብቃል። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሎሚና ቃሪያ። ሆቴል ቤቱ ጣሪያው ሰሌን ነው፤ ከሥሩ ሰው ውኃ ግንባሩ ላይ እየረጨ ይበላል። ቅመሙ ጥርት ያለ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ የሚለቅ። ሁለተኛ ሰሃን ባዝ ይታዘበኛል ብዬ ተውኩት፤ አሁንም ይቆጨኛል።

እየበላሁ ዓይኔ መኪናው ላይ ነበር። ፍየል ገብታ ካርቶኔን እንዳትበላብኝ ፈርቼ መስኮቶቹን በሙሉ ያስዘጋሁት እኔው ራሴ ነኝ። ጉድ በሉ! አዋሽ ተወልጄ፣ አዋሽ አድጌ፣ ሙቀትን እንደ ጎረቤት የማውቀው ሰው፣ ከፍየል ስጠነቀቅ ፀሐይን ረሳኋት።

ካርቶኑን ስከፍተው ክው አልኩ። ኮላው ቀልጦ ሱቆቹ በሙሉ አንድ ጥግ ተከምረዋል። መንገዱ ተጣሞ ተነስቷል፣ ክብሪቷ ሚኒባስ ከመስጊዱ ጣሪያ ላይ ተለጥፋለች። አረንጓዴዋ ሻይ ቤት ደግሞ ለሁለት ተከፍላለች። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ከዚያ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ ሎጊያ ቁርጥራጮቹን ጭኔ ላይ ስገጣጥም ሄድኩ፤ አንዱም አልያዘልኝም። መሐመድ በመስታወቱ እያየኝ «አብሽሪ እህቴ፣ ሰፈሩ ራሱ አልቀለጠም» አለ።

ሰመራ፣ ከአሱር በኋላ

እትዬ ሰዓዳ አቅፈው ሳሙኝ። አልሐምዱሊላህ በሰላም ገባሽልኝ እያሉ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ባለሱቆቹ፣ የባጃጅ ልጆች፣ የሰፈሩ ሰው ከአሱር ሶላት መልስ ተሰብስበዋል። ኢንጂነር ሁመድም ወረቀቱን ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። ምን ልበላቸው? ካርቶኑን ከፍቼ መሐል አስቀመጥኩት። እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው። እትዬ ሰዓዳ ምንም አይደል ልጄ ብለው ሻይ ሰጡኝ።

መዲና ተነሳች። መዲና የአፋር ሴት ናት፤ በዚያው ረድፍ ሰሌንና የጎጆ እንጨት ትሸጣለች። ካርቶኑን አጎንብሳ አየችው።

«ይሄ ቤት የጉንዳን ነው። የእኛን በእኛ ልክ እናቁመው» አለች።

የአፋር ሴት ቤቷን ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን ትሠራለች፤ ስትሄድ ነቅላ ግመል ላይ ትጭነዋለች፣ በደረሰችበት ትተክለዋለች። መዲና ይህን ስትል ሁመድ ዘሎ ተነሳ፣ እኔም ዘለልኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ። ሁመድ እውነተኛውን መንገድና ሱቆቹን አንድ በአንድ በገመድ ለካ፤ እኔ ሜዳው ላይ ኖራ በተንኩ። መዲናና ጓደኞቿ እንጨት ተከሉ፣ ሰሌን ዘረጉ። ሁሉም በየሱቁ ልክ ቆመ። ፀጉር ቆራጩ ወንበሩን ይዞ መጣ፣ እትዬ ሰዓዳ ማንቆርቆሪያቸውን። ሞዴል ውስጥ ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጮቤ ረገጥኩ።

መንገዱን ከወረቀቱ በብዙ አጥብበን መሐመድን ና ንዳበት አልነው። ሚኒባሱ በሁለቱ የሰሌን ረድፎች መሐል ገባ። ከፊቱ የመጣ ባጃጅም በጎኑ አለፈ። ማንም ረድፍ መነሳት አላስፈለገም! ሰው አጨበጨበ፣ ሁመድ ወረቀቱን ከብብቱ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ መሐመድ መጨረሻው ላይ መሪውን ጠመዘዘ።

የመኪናው አፍንጫ የጥጉን ሰሌን ጠርጎ ጣለ። ወደ ኋላ ብሎ ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ነካ። ቅድም በክብሪቷ የጠየቀኝ ይሄንኑ ነበር። ስፋት የሚያስፈልገው መንገዱ ሳይሆን መታጠፊያው ብቻ ነው፤ መታጠፊያው ጥግ ላይ ደግሞ ያለችው የእትዬ ሰዓዳ ሻይ ቤት ናት። ሁመድ አቀርቅሮ ጥጉ ካልተለቀቀ ንድፉን ማፅደቅ እንደማይችል ተናገረ። እትዬ ሰዓዳ የወደቀውን ሰሌን አነሱ፣ አቧራውን አራገፉ።

«እንግዲያ እኔ ልነሳላችሁ። እናንተ ከቀራችሁ ይበቃኛል።»

ለእሳቸው ብዬ መጥቼ፣ ለሁሉም ቦታ አግኝቼ፣ እሳቸውን ብቻ ላስወጣ ነው? ያኔ መሐመድ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ መናኸሪያ ላይ ሰው ሲጭን በሚናገርበት በዚያው ድምፅ፣

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፤ ሰው ቆሟል» አለ።

ረድፉን በሙሉ አየሁት። በየሱቁ መካከል ፌስታል የሚጠራቀምበት፣ ፍየል የሚተኛበት ክፍተት አለ። ሁመድ በገመዱ ለክቶት ስለነበር ሜዳው ላይም አለ። እኔ ሞዴሌ ላይ ሱቆቹን አጣብቄ ስለሠራሁ አልታየኝም ነበር። መጀመሪያ መዲና እንጨቷን ነቀለችና ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ ተከለችው። ፀጉር ቆራጩ ወንበሩን እየጎተተ ተከተላት። ባለ ሞባይሉ፣ ባለ ጫማው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እየተሳሳቁ ጠጋ ጠጋ አሉ። መጨረሻ ላይ ከጥጉ ወዲህ ልክ አንዲት ሻይ ቤት የሚያህል ቦታ ተከፈተ። እትዬ ሰዓዳ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ገቡና መሐሉ ላይ ቆሙ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መሐመድ መሪውን ጠምዝዞ በባዶው ጥግ ዞረ።

ሰመራ፣ በማግስቱ

አለቆቹ ጠዋት መጥተው ሜዳውን ዞሩት። አንደኛው ሚኒባሱ ድጋሚ ሲዞር ካላየሁ አለ፤ መሐመድም እየተኩራራ ዞረለት። ተስማሙ። ሱቆቹ ቆርቆሮና እንጨት ስለሆኑ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ባለቤቶቹ ፈታትተው በአዲሱ መስመር ይተክሏቸዋል። ሁመድ በእውነተኛው ረድፍ ፊት ኖራውን ሲበትን ከኋላው ተከትዬ ሄድኩ፤ እንደ ሠርግ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ባዶውን ካርቶን መዲና ለዶሮዋ ወሰደችው።

ወደ አዋሽ የምመለሰው በመሐመድ ሚኒባስ ነው። መስኮቷን ቀድሜ ይዣለሁ፣ ጭኔ ላይ ምንም የለም፣ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊነሳ ሲል እትዬ ሰዓዳ እየሮጡ መጡ። ለአዲሱ ሻይ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ሊገዙ እስከ ሎጊያ ይሄዳሉ። በሩ ላይ ቆመው ውስጡን አዩና ሌላ መኪና እጠብቃለሁ አሉ።

መሐመድ በመስታወቱ አየኝ። አፉን ሳይከፍት ጠጋ አልኩ።