አንድ ሰው የረገጠው ጭቃ

የሳህኑን ክዳን በከፈትኩ ቁጥር አባቴ ይመጡብኛል። በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ በሳህን ከማሳድጋቸው ባክቴሪያዎች አንዱ የአፈር ነው፤ ጠረኑ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ነው። ጓደኞቼ ደስ የሚል ሽታ ነው ይላሉ። የኔን ሆድ ግን ያባባዋል። ላሊበላ ከከተማው በላይ፣ ጓሯችን ካለው ዳስ ሥር፣ ጭድ የገባበት የጭቃ ጉድጓድ ነበረን።

ያን ዓመት ወንድሜ ሊያገባ ነበር። አባቴ ለሙሽራዪቱ ብለው ክቡን የድንጋይ ቤታችንን በአንድ ወገን ሊያሰፉት ተነሱ። ክዳኑን በባላ ደገፉና ሥራውን ተካፈሉት፤ አባቴ አሮጌውን ግንብ በዲጅኖ እየፈነቀሉ ያወጣሉ፣ ወንድሜ ከኋላቸው አዲሱን ወደ ውጭ ወጣ አድርጎ በጭቃ ይገነባል። ጭቃውን ጠዋት ጠዋት አብረው ይረግጡታል። "ሳይተካ አይወጣም" ይሉ ነበር አባቴ። ወንድሜ ሲዘገይ ዲጅኗቸውን ተደግፈው ይጠብቁታል።

ወዳጄ፣ አሁን የማጠናው ይህንኑ ነው ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ባክቴሪያም በግንብ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሊያድግ ሲል የራሱን ግንብ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት፣ አዲሱን የሚገነቡም ከጎናቸው። ቆራጮቹ እንዳሻቸው አይለቀቁም፤ የሚቆርጠው አፋቸው ተከድኖ ይቆይና ምልክት ሲደርስ ብቻ ይከፈታል። ፔኒሲሊን ግንበኛውን ያስቆመዋል። ቆራጩ ግን መቁረጡን አይተውም፤ ግንቡ ይሳሳና ባክቴሪያው ይፈነዳል።

ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ወንድሜ ጭቃ በእጁ እንደያዘ፣ "አባየ፣ እኛ ከሠርጉ በኋላ ወልድያ ነው የምንኖረው፤ ሥራ አግኝቻለሁ" አላቸው።

"ታዲያ ይኼን ለማን ነው የማሰፋው? ለአይጥ?"

"እኔ ያስፉልኝ አላልኩም።"

"እንግዲያው ከፊቴ ጥፋ።"

ወንድሜ እጁን በጭድ ጠርጎ ሄደ፤ በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚሄድ መኪና ተሳፈረ። አባቴ ግን አላቆሙም። ንዴታቸውን ድንጋዩ ላይ ተወጡት፤ እያወጡ ይወረውራሉ፣ የሚተካ የለም። እናቴ "ኧረ በእመቤቴ ይተዉ" ብትል ማን ሰምቷት። ከሰዓት በኋላ ያ ወገን ተናደ፣ ክዳኑም ጎበጠ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

ሠርጉ ያለ አባቴ ወልድያ ላይ ተደገሰ። ጎረቤቶች "በደቦ እንሥራልዎ" ብለው ለምነዋቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ክፍቱን በሰሌን ጋርደው ጭቃውን ብቻ እያራሱ ይረግጡ ነበር፣ ለብቻቸው። "ከደረቀ፣ ሲመጣ በምን ይሠራል?" ይላሉ። "ልደውልለትና ያናግሩት" ስላቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ወንድሜም ያው ነው፤ "እሳቸው ይጥሩኝ" ይላል። አንዲት "ና" ተነፋፍገው ዓመታት አለፉ። እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ባወቅሽ።

አባቴ ሲያርፉ ወንድሜ ለቀብሩ አልደረሰም፤ ለአርባቸው መጣ። ሰሌኑን ገልጦ ክፍቱን አየና "ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ" ብሎ ጫማውን አወለቀ። ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ጭቃው ደርቋል። ላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ የታተመው የአባቴ እግር ብቻ ነው፣ ያ ሰፊው አውራ ጣታቸው ሳይቀር። ወንድሜ ጀሪካኑን አዘንብሎ ቆመ። ውሃው ዱካው ላይ ሳይፈስ መልሶ አቀናው።

"እማየ" አለ፣ "ሰሌኑ ለጊዜው ይቆይ።"

ክፍቱ እስካሁን እንደተጋረደ ነው።