በወልደአረጋይ ስም የገቡ ቁጥሮች

ንጋቷ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ስትገባ ሃያ ዓመቷ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማራት እዚያው ድንኳን ውስጥ በፈቃዱ ያስተምር የነበረው ወልደአረጋይ ነው። ኋላም እሱ በሚሠራበት፣ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ምስልና መረጃ በሚያስተላልፍ ትንሽ ድርጅት ዋስ ሆኖ አስቀጠራት። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የድርጅቱን ሰርቨር፣ ምስሉና መረጃው የሚያልፍበትን ዋና ኮምፒውተር፣ የምትጠብቀው እሷ ናት።

ባለፈው ጥር አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ሳይታሰብ ጠፍቶ ተነሣ። ንጋቷ የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ ስትከፍት አንድ ሰው ትንሽ ፕሮግራም ደጋግሞ ወደ ከርነሉ ሲያስገባ አገኘች።

ከርነል የሰርቨሩ እምብርት ነው፤ ሁሉንም ያዛል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲሰጡት፣ እንዲፈጥኑ ብሎ እዚያው ትእዛዝ ፈጻሚው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ወደሚረዳው ኮድ ይተረጉማቸዋል። ችግሩ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ትርጉሙ መግባታቸው ነው። ተንኮለኛ ሰው ትእዛዝን ቁጥር አስመስሎ ይደብቃል። ፕሮሰሰሩን አሳስቶ ከቁጥሩ መሀል ማንበብ እንዲጀምር ካደረገው፣ የተደበቀው ትእዛዝ በከርነሉ ሥልጣን ይፈጸማል፤ ካልተሳካለት ግን ሰርቨሩ ይጠፋል።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቁጥር መቶ ጊዜ ያህል ተደጋግሟል። ያስገባው አካውንት የወልደአረጋይ ነበር።

ደወለችለት፤ ስልኩ አይሠራም። ያን ዕለት ለሥራ ደብረ ሲና ወርዷል።

የቴክኒክ ኃላፊው አቶ ሠረቀብርሃን እየተቻኮሉ ገቡ። «ምን ሆኖ ነው የጠፋው?»

ነገረቻቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ያ አምና ያዘገየናል ብዬ ያስተውኩሽ መከላከያ...»

«አዎ፤ ቁጥሮቹን በዘፈቀደ ቁጥር እያመሰቃቀለ የሚተረጉመው። አሁን ከፈትኩት። ግን የሚይዘው ከዚህ በኋላ የሚገባውን ብቻ ነው። ሰርቨሩ ከተነሣ ወዲህ ሰውየው ሁለት ፕሮግራም አስገብቷል፤ እነሱ እንዳሉ ናቸው።»

«ታዲያ አውጪያቸዋ!»

«የተጣበቁት ምስል በሚያስተላልፈው አገልግሎት ላይ ነው። የሚሠራውም በዚሁ አካውንት ነው፤ እነሱን ካወጣሁ ወይም አካውንቱን ከዘጋሁ እሱም ይቆማል። ከእነዋሪ ጤና ጣቢያ የአንዲት ነፍሰ ጡር የአልትራሳውንድ ምስል እየመጣ ነው።»

ወዲያው ወደ እነዋሪ ደወለች። የጤና መኮንኑ ድምፅ ይጣደፋል። «ደም እየፈሰሳት ነው! የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ምስሉን አይቶ ነው የሚወስነው። ስምንት ደቂቃ ይበቃናል፤ እባክሽ!»

«ሰውየው የሁሉንም በሽተኛ መረጃ ቢወስድስ?» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን። «ቁረጪው።»

«አልቆርጠውም» አለች ንጋቷ። እንዲህ መልሳላቸው አታውቅም። ጣቷን መዝጊያው ቁልፍ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

በሦስተኛው ደቂቃ አዲስ ፕሮግራም ገባ። የተተረጎመውን ኮድ ከፍታ አየችው። ያ የተደጋገመ ቁጥር የትም የለም፤ በየቦታው ሌላ ሌላ ቁጥር ሆኗል። መከላከያው ይሠራል። የቀድሞዎቹ ሁለቱ ግን አሁንም አሉ። በስድስተኛው ደቂቃ ሌላ ሙከራ ታየ። አቶ ሠረቀብርሃን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ደረሰ!» አለ የጤና መኮንኑ በስልኩ። ንጋቷ አገልግሎቱን አቆመች፤ ሁለቱም ፕሮግራሞች አብረው ጠፉ። አካውንቱንም ዘጋችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ወልደአረጋይ ደወለ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

«ምኑ?»

ነገረችው። ከጀርባው የከባድ መኪና ጡሩንባ ይሰማል። «አካውንቱን ዘጋሽው?» አላት።

«ዘጋሁት።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ምርመራው ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ወልደአረጋይም እስከዚያው ከሥራ ታገደ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ የተጠቀመበት ፓስወርድ ተሰርቆበት ኖሯል፤ የሰርቨሩም ያው ነበር። የወጣ መረጃ አልተገኘም። የእነዋሪዋ ሴት በአምቡላንስ መጥታ ተገላገለች፤ እሷም ሕፃኑም ደኅና ናቸው። መከላከያው ያመጣል የተባለው መዘግየትም ሲለካ ከቁም ነገር የማይገባ ሆኖ ተገኘ።

ወልደአረጋይ ሲመለስ ሁሉንም ሰላም ብሎ በመጨረሻ ወደ እሷ መጣ።

«መዝጋትሽ ልክ ነው» አላት። «ጥፋቱም የኔው ፓስወርድ ነው። ግን አንተ ነህ ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ አላስብም ነበር።»

ንጋቷ አንገቷን ደፋች። «ፈርቼ ነው ጋሼ። አንተ እንዳትሆን ፈርቼ።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሥራውን እንደ ድሮው አብረው ሠሩ። ምሳ እንደገና አብረው መብላት የጀመሩት ግን ከፋሲካ በኋላ ነው።